ማግኖሊያን በአራት ኪሎ ግቢ ማሳደግ

ቅጠል ሳያወጣ የሚያብበውን ማግኖሊያ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን የተከልሁት በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ነበር። ጉድጓዱን በጣም አጥልቄ ስለቆፈርሁ ግንዱ ስንዝር ያህል አፈር ውስጥ ገባ። የዚህ ዛፍ ሥር ወፍራምና ሥጋማ ስለሆነ፣ ከላይኛው አፈርም ብዙ ስለማይወርድ፣ ሸክላማው አፈራችን የክረምቱን ውሃ ባቆረበት ጊዜ መታፈን ጀመረ። መስከረም ላይ የቅጠሉ ዳር ጠቁሮ ባየሁ ጊዜ ቆፍሬ ሥሩን ብነካው እንደበሰለ ሙዝ በጣቴ መካከል ተልመጠመጠ።

ብስባሽ በተቀላቀለበት ሁለት ስንዝር ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ እንደገና ተከልሁት። ማግኖሊያ መነቀልን አይወድምና ሁለት ዓመት ሙሉ ባለበት ቆመ። በዚህ መካከል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ምክንያቱን ያገኘሁት እናታችን ለጽጌረዳው እንደሚያደርጉት የከሰል አመድ ሲደፉበት በማየቴ ነው፤ ዛፉ በመጠኑ ኮምጣጣ አፈር ስለሚፈልግ አመድ አይስማማውም። ከዚያ ወዲህ ሥሩ ዙሪያ ዶማ አላስነካም፤ አረሙን በእጄ እየነቀልሁ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጌ ደረቅ ቅጠል እጎዘጉዛለሁ።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት ኅዳር 2011 ላይ ነው፤ ቅርንጫፎቹን እንደ አጥር ከርክሜ በየካቲት አንድም አበባ አላየሁም። የአበባው እምቡጥ ለካ ቀደም ብሎ በክረምቱ ወራት በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይቋጠራል። አሁን የምቆርጠው አበባው እንደረገፈ ነው፤ ቁስሉ ቶሎ ስለማይሽርም ጥቂት ብቻ።

ይህ ዝርያ ሁለት የቻይና ማግኖሊያዎች በፈረንሳይ ተዳቅለው የተገኘ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1826 ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ። ብርድ ባለበት አገር የለመደውን እንቅልፍ እዚህ የሚሰጠው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት ውሃውን ፈጽሞ ሳልከለክል እቀንሳለሁ፤ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ አጠጣለሁ።

ጎረቤታችን እማማ ታኅሣሥ ላይ ዛፉን ራቁቱን አይተው «ልጄ፣ ይህ እንጨት ደርቋል፤ ለምን ለማገዶ አይሆንም?» አሉኝ። ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ ጸጉራሙን እምቡጥ አስዳሰስኋቸው። «የድመት ጆሮ ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ። በየካቲት 2013 ሰባት አበቦች ፈነዱ፤ በአምስተኛው ቀን ግን የበልግ ዝናብ ወርዶ ነጩን ሁሉ ቡናማ አደረገው።