ለበገና የሚሆን አሮጌ ላፕቶፕ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜው የገፋ ላፕቶፕ ሙዚቃ ሲከፈትበት ድምፁ እየተንጣጣና እየተቆራረጠ ካስቸገረ፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምክሮች አንዱን ይሰማል፤ ወይ ፎርማት ይደረግ፣ ወይ ተሽጦ ሌላ ይገዛ። ሁለቱም የችግሩን ምንጭ ሳይነኩ ሊያልፉ ይችላሉ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሙዚቃ ማጫወት ከኮምፒውተር የሚጠይቀው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። በሲዲ ጥራት የተቀረጸ ድምፅ በእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት)፣ እያንዳንዱ ናሙናም 16 ቢት ስለሆነ፣ ለሁለቱ ቻናል በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህን ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ ማሽን እንኳ ሳይጨነቅ ያጫውተዋል።

አሮጌው ማሽን የሚሸነፈው በጉልበት ሳይሆን በሰዓቱ ባለመድረስ ነው። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ድምፁን በየ10 ሚሊሰከንዱ ቆራርሶ ያቀብላል፤ ይህም በሲዲ ጥራት 441 ናሙና ነው። በዚያች ቅጽበት አንድ ድራይቨር (እንደ ዋይፋይ ያለውን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን ይዞ ከቆየ፣ የድምፅ ካርዱ የሚያጫውተው ያጣና ‹‹ጠቅ›› ይላል። ሌተንሲሞን የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ፣ ሙዚቃ እያጫወቱ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ የሚያዘገየውን ድራይቨር በስሙ ያሳያል። በእኔ ላፕቶፕ ጥፋተኛው የዋይፋዩ ድራይቨር ነበር፤ ዋይፋዩ ሲጠፋ መንጣጣቱ ወዲያው ቆመ። ‹‹ኮምፒውተር ያፈጥናሉ›› የሚባሉት ፕሮግራሞች ግን ራሳቸው ከጀርባ ሆነው ስለሚሠሩ ሸክም ከመጨመር በቀር ለዚህ ችግር የሚፈይዱት አላየሁም።

በገና ለሚያዳምጥ ሰው ችግሩን በጆሮ መለየትም ቀላል አይደለም። እኛ ቤት በዐቢይ ጾም ከበገና ሌላ ብዙ አይከፈትም፤ በገና ደግሞ በተፈጥሮው ነዛሪ ነው። በአሥሩ አውታሮችና አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አውታሩ በተነካ ቁጥር እየነካችው ያንን የታወቀ ዝዝታ ታወጣለች፤ ስለዚህ የኮምፒውተሩ ጥፋት ከመሣሪያው ጠባይ ጋር በቀላሉ ይምታታል። የመሣሪያው ዝዝታ አውታሩ ሲደረደር ጀምሮ ድምፁ ሲሰክን አብሮ ይሰክናል፤ የማሽኑ መንጣጣት ግን በጸጥታው መካከልም ይገባል። ካጠራጠረ ያንኑ ቦታ መልሶ መስማት ነው። መንጣጣቱ ሁልጊዜ በዚያው ሰከንድ ላይ ከመጣ ጥፋቱ የፋይሉ ነው፤ ቦታ ከቀያየረ የማሽኑ ነው።

ፋይሉ ራሱ ደካማ ከሆነ ማሽኑን ማስተካከል ትርፉ ትንሽ ነው። በፍላሽ የምናስጭነው ሙዚቃ አብዛኛው የተጨመቀ ኤምፒ3 ሲሆን፣ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀው ብዙውን ጊዜ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጣል፤ የእንዚራዋ ዝዝታም ውኃ ውስጥ እንደገባ ይብረከረካል። እንዲህ ያለውን ፋይል ድምፁን ሳይቀንስ ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ፍላክ፣ መለወጥ መጠኑን ያሳድጋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ሲዲው ያለው ዘመድ ከተገኘ በቀጥታ ከሲዲው ወደ ፍላክ መገልበጥ ይሻላል።

ከማስተካከያዎቹ ውስጥ ለእኔ ለውጥ ያመጡት ጥቂት ናቸው። የኃይል አጠቃቀሙን ‹‹ከፍተኛ ብቃት›› ላይ ማድረግ፣ የድምፅ ውጤቱን ከፋይሉ ጋር እንዲመሳሰል 44,100 ላይ ማቆም፣ እንዲሁም ፎባር2000 በሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ፋይሉ ከመጫወቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ወደ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) እንዲገባ ማዘዝ ይበቃሉ። ሃርድ ዲስኩን የሚሽከረከር አካል በሌለው ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ፣ መተካት ድምፁን ያጠራል የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ጥቅሙ ማሽኑ ቶሎ መነሣቱና በጸጥታው መካከል የዲስኩ ጉርምርምታ አለመሰማቱ ነው።

የፋኑ ጩኸት ሌላ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድምና፣ ብርዳችን ቢያግዝም በአቧራ የታፈነ ፋን ሳያቋርጥ ይጮኻል። ማሽኑን አስከፍቶ አቧራውን ማስጠረግና ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስት ማስቀየር ብዙ ወጪ የለውም። ቻርጀሩ ሲነቀል የሚጠፋ እምምታ ካለ ደግሞ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ መስመሩ ወይም የቻርጀሩ ነውና፣ በባትሪ ማዳመጥ ይበጃል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስለተቋረጠ፣ ላፕቶፔን ከኢንተርኔት አላቅቄ ለሙዚቃ ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ዋይፋዩም በዚሁ እንደጠፋ ቀረ። የቀረው በር ፍላሽ ብቻ ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣ ፍላሽ በሌላ ኮምፒውተር ቫይረሱ ሳይታይ አይሰካበትም።