አስቀድሞ ያሳየኝ ጌታ ስሙ ይባረክ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያ ልጄን በሰባተኛው የእርግዝና ወሬ፣ በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት ወሰደብኝ።

ያን ቀን ከምሽት ጀምሮ ራሴን ሲፈልጠኝ ቆየ። እኩለ ሌሊት ላይ ከጎድኔ ሥር ያዘኝ፤ ቃር መሰለኝ። ከዚያ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር፤ አምፖሉን ሳየው ግማሹ የለም። ባለቤቴ ቢደውል ቢደውል እኛ ሰፈር የሚመጣ መኪና ጠፋ። ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን እንደደረቡ ወርደው የባለ ሚኒባሱን በር ደበደቡ። ጌታ ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ፤ እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። መንገድ ላይ አንቀጠቀጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ግፊቴ 180 በ120 ነበር አሉ። ማግኒዚየም የሚባል፣ መንቀጥቀጡን የሚያቆም መድኃኒት ሰጥተው እኔን አተረፉኝ። ልጄ አልተረፈም።

እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። «በእናቴም ሆድ ሰውረኸኛል» ሲነበብ «የኔንስ ለምን አልሰወርከውም?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ታገሠኝ።

ጊዜ አለፈ፤ ደግሜ አረገዝኩ። ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ የሚመጣውን አስቀድመህ አሳየኝ።»

የጸሎት ጓደኛዬ ወደ አንዲት የማህፀን ሐኪም ወሰደችኝ፤ ጌታ ይባርካት። በ12ኛው ሳምንት ዶክተሯ በአልትራሳውንድ ከሆዴ ግራና ቀኝ፣ ወደ ማህፀን የሚገቡትን የደም ቧንቧዎች ፍሰት ለኩ። ዶፕለር ይባላል። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ሽቅብ ይወጣና ወዲያው ቁልቁል ይወድቃል። «ቧንቧዎቹ በእርግዝና መስፋት ነበረባቸው፤ ያንቺ ደሙን እየታገሉት ነው» አሉኝ። ልኬቱን ብቻ ሳይሆን ግፊቴንና ያለፈውን ታሪኬንም አይተው ማታ ማታ 150 ሚሊ ግራም አስፕሪን አዘዙልኝ፤ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ተጀምሮ እስከ 36ኛው የሚወሰድ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት አስፕሪኑ ከጊዜው ቀድሞ የሚያዋልደውን ግፊት ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አስረዱኝ። ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። የለመንኩት ይህንኑ ነበርና!

ወራቱ በጸሎትና በግፊት ልኬት አለፉ። በ38ኛው ሳምንት ሴት ልጅ ታቀፍኩ። «ስለዚህ ልጅ ጸለይሁ፤ እግዚአብሔርም የለመንሁትን ልመናዬን ሰጥቶኛል።»

እህቶቼ፣ ግፊት ነበረብኝ የምትሉ ሦስት ወር ሳይሞላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ዶፕለር የት እንደሚሠራ ጠይቁ። አስፕሪኑን ግን በራሳችሁ አትጀምሩ። ስማችሁን ጻፉልኝ፣ አብሬያችሁ እጸልያለሁ።