የከረመ ዱቄትና የትናንት ቅንጬ

የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ስለዋለ ከቤት መውጣት አላሰኘኝም። ጓዳ ስፈትሽ የከረመ የስንዴ ዱቄት፣ አፉ የተከፈተ ደረቅ እርሾና የትናንት ቅንጬ አገኘሁ። ዱቄቱን ነፋሁት፤ ነቀዝ የለውም፣ ሽታውም ደህና ነው። እርሾው ግን አጠራጠረኝ። ለብ ባለ ውሃ ከትንሽ ስኳር ጋር በጠበጥኩት፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ አረፋው ኩፍ አለ። አረፋ ካላወጣ ዱቄት አታባክኑበት! ቅንጬውን ከነቅባቱ ከዱቄቱ ጋር ለዳቦ አቦካሁት (ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃ ቀንሱ)። ኮምቦልቻ ብሆን ሙቀቱ ያስነሳው ነበር፤ የደሴ ብርድ ግን ሊጥም ያስተኛል። በጋቢ ጠቅልዬ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ኮባ ስላልነበረ ምጣዱን ዘይት ቀብቼ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሼ አክንባሎ ደፋሁበት። የዳቦው ሽታ ጠርቷቸው ጎረቤቴ እትዬ መጡ፤ «ድፎ ነው እንዴ? የምን በዓል ነው?» ቅንጬ እንዳለበት አልነገርኳቸውም። ሁለተኛ ቁራሽ ሲጠይቁ ቡናውን አስፈላኋቸው 😄