ከሌሊት ፈረቃ ጎን ለጎን ነገረ መለኮትን መማር

በስደት እየኖርኩ ነገረ መለኮትን በርቀት እንደምማር የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሳል። «እህቴ፣ ይሄ እንኳ በኮምፒውተር የሚሆን ነገር ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ክፋት የለውም። የሒሳብ መዝገብ አያያዝን በርቀት የተማረ ሰው ማንንም አይገርምም። ስለ እግዚአብሔር መማር ግን ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ነው የሚል ስሜት በብዙዎቻችን ውስጥ አለ። እኔም ስሜቱን እጋራለሁ። በርቀት መማር እንደሚቻል ደግሞ በራሴ አይቻለሁ። የሚሳካበትም የማይሳካበትም መንገድ አለ፤ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ነው።

ወደ ትምህርቱ የገፋኝ ሥራዬ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ቀን ስለ ልጆቻቸውና ስለ አየሩ የሚያወሩ አዛውንቶች ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። «እግዚአብሔር ለምን አይወስደኝም?» ይላሉ። «ይቅር የማይባል ኃጢአት አለ?» ብለው እጄን የያዙኝ አሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ገሚሱ የሌላ እምነት ተከታዮች ናቸው፤ ገሚሱ ምንም አያምኑም። እነሱም ማወቅ ፈልገው ይጠይቁኛል። ሀገር ቤት ሳለሁ በዙሪያዬ ያለው ሰው የማምነውን ያምን ስለነበር ማስረዳት አላስፈለገኝም። እዚህ ግን የማምነውን ከሥሩ ማወቅ ነበረብኝ። የታመመ ሰው አጠገብ እጁን ይዞ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ትምህርት አይተካውም። መልስ የሚፈልግ ጥያቄም ግን አለ።

ሥራ ትቶ መንፈሳዊ ኮሌጅ መግባት ለአብዛኛው ስደተኛ የማይታሰብ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ እጃችንን የሚያይ ቤተሰብ አለ። ስለዚህ የቀረኝ የርቀት ትምህርት ነበር።

ትምህርት ቤት መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በነገረ መለኮት ስም ወረቀት የሚሸጥ ብዙ ነው። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የሃይማኖት ዲግሪ ብቻ የሚሰጥ ተቋም ከመንግሥት ፈቃድ ነፃ ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ነው። በዚያው ቀዳዳ ግን ሰውን በአጭር ጊዜ «ዶክተር» የሚያደርጉም ገቡ። ስለዚህ «እውቅና አለን» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትመዝገቡ። እውቅናውን የሰጠው ማን ነው? ሰጪውንስ ማን ያውቀዋል? ትምህርት ቤቱ ሰሜን አሜሪካ ከሆነ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር አለ፤ የአባላቱን ዝርዝር ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። አውሮፓ ከሆነ ደግሞ ዲግሪውን ኮሌጁ ራሱ ይሰጥ እንደሆነ ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ በኩል እንደሆነ ጠይቁ። «እኔ ለነፍሴ ነው የምማረው፣ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ይኖራል። ነፍስም ደህና መምህር ይገባታል።

ሰዓቱንም አስሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 60 ክሬዲት ይወስዳል። ባለ 10 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ ከ250 እስከ 300 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። እኔ በግማሽ ጊዜ ነው የምማረው። ሙሉ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ከዚያ በላይ አልመክርም።

የዚህ አካሄድ ታሪክ የገባኝ ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጓቲማላ ውስጥ የነበረ አንድ የፕሬስቢቴሪያን (የፕሮቴስታንት ወገን የሆነ ቤተ ክርስቲያን) ሴሚናሪ፣ ማለትም የአገልጋዮች ማሠልጠኛ፣ ችግር ገጠመው። ገጠር ያሉትን ምእመናን በተግባር የሚመሩት ሰዎች እርሻና ቤተሰብ ያላቸው ጎልማሶች ነበሩ፤ ሁሉን ጥለው መጥተው ትምህርት ቤት ውስጥ ሊኖሩ አይችሉም። መምጣት የሚችሉት ወጣቶች ደግሞ ተምረው ብዙዎቹ ወደ አገልግሎት አይገቡም። መምህራኑ ነገሩን ገለበጡት። ትምህርቱን አዘጋጅተው ወደ ሰዎቹ ወሰዱ። ተማሪው ቤቱ ሆኖ ያነባል፣ አገልግሎቱን ይቀጥላል፣ መምህሩ በየሳምንቱ አካባቢው ድረስ መጥቶ ያገኘዋል። አሠራሩ ከዚያ ወደ ብዙ ሀገሮች ተሰራጨ።

በኋላ የመጡ አስተማሪዎች ይህን ከእንጨት አጥር ጋር አመሳሰሉት። የላይኛው አግዳሚ ተማሪው የሚያነበው ነው። የታችኛው አግዳሚ የሚኖረውና የሚያገለግለው ነው። ሁለቱን የሚያያይዙት ቋሚዎች ደግሞ ከመምህርና ከጓደኞች ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝባቸው ጊዜያት ናቸው። ይህን ሳነብ የራሴ ችግር ወለል ብሎ ታየኝ። የዛሬው የኦንላይን ትምህርት የላይኛውን አግዳሚ ከበቂ በላይ ይሰጣል። ቪዲዮ አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ አሳይመንት አለ። የታችኛውን ስደቱ ራሱ ሰጥቶኛል። ቋሚዎቹ ናቸው የጎደሉኝ።

ምን ያህል እንደጎደሉኝ ያወቅሁት የአዲስ ኪዳን ኮርስ ላይ ነው። ስለ ጥንታዊ የብራና ቅጂዎች የሚያስተምር ምዕራፍ ደረስን። ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚባለው የ4ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ የተገኘው ሲና ተራራ ሥር ባለው የቅድስት ካትሪን ገዳም ነው። ዛሬ ቅጠሎቹ በአራት ቦታ ተበትነዋል፤ ለንደን፣ ላይፕሲግ፣ ሴንት ፒተርስበርግ እና እዚያው ሲና። እ.ኤ.አ. በ2009 አራቱም ተባብረው ገጾቹን ኢንተርኔት ላይ አንድ ላይ አወጧቸው። ማንም በነፃ ያያቸዋል። እኔም በሌሊት የእረፍት ሰዓቴ በስልኬ ከፈትኩና የማርቆስን ወንጌል መጨረሻ ፈለግሁ። የኮርሱ መጽሐፍ እንዳለው ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ያበቃል። ሴቶቹ ከመቃብሩ ፈርተው ይሸሻሉ፤ ለማንም አይናገሩም። ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው የለም። «ወደ ዓለም ሁሉ ሂዱ» የሚለው የለም።

ለምሁራን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ እትሞች የግርጌ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኔን ግን ልቤን አራደኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ቃል እዚያ ገጽ ላይ አልነበረም። ግቢ ውስጥ የሚማር ተማሪ ምሳ ላይ ጓደኛውን «አየኸው?» ይለዋል። መምህሩን ኮሪደር ላይ ያቆመዋል። እኔ ግን ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ለማን ልንገር? ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብናገር «ትምህርቱ እምነትሽን እየበላው ነው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ ብናገር «ይኸው፣ እኛስ ምን አልንሽ?» ይሉኛል። ብቻዬን ይዤው ዞርኩ። ጸሎት ሁሉ ከበደኝ።

በመጨረሻ ለኮርሱ መምህር ጻፍኩላቸው። ስለ አሳይመንት አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። እሳቸውም ይህ በኢሜይል የሚመለስ አይደለም፣ በቪዲዮ እናውራ አሉኝ። ጊዜ ሰጥተው አስረዱኝ። የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 አካባቢ ሲጽፍ ቁጥር 19ን የማርቆስ ቃል ብሎ ይጠቅሰዋል። ስለዚህ ክፍሉ ከሲናይቲከስ በፊትም በቤተ ክርስቲያን ይነበብ ነበር። ትንሣኤውም በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ብቻ አልቆመም። እዚያው ማርቆስ 16 ቁጥር 6 ላይ ነጭ የለበሰው ጎልማሳ ለሴቶቹ መነሣቱን ነግሯቸዋል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ስለ ትንሣኤው የጻፈው፣ አብዛኞቹ ምሁራን እንደሚሉት፣ ወንጌሎቹ ከመጻፋቸው ቀደም ብሎ ነው።

መረጃው ረድቶኛል። ከመረጃው በላይ የረዳኝ ግን ሌላ ነው። መምህሩ ራሳቸው ተማሪ ሳሉ በዚሁ ጥያቄ እንቅልፍ አጥተው እንደነበር ነገሩኝ። ዛሬም ያምናሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይጸልያሉ። ያንን ከመጽሐፍ አላገኘውም ነበር። ያ ውይይት ባይኖር ኖሮ ትምህርቱን አቋርጬ ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ የርቀት ትምህርት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሲያማክረኝ ከክፍያው በፊት ይህን ጠይቅ እላለሁ፦ ጥርጣሬ ሲይዘኝ ፊቱን እያየሁ የማናግረው መምህር አለ ወይ? ትምህርት ቤቱ ለዚህ ግልጽ መልስ ከሌለው ሌላ ፈልግ።

ከዚያ በኋላ ቋሚዎቹን ራሴ መትከል ጀመርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን። አንዲት ነርስ አለች፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ልጅ አለ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ጡረተኛ አሉ። የሳምንቱን ትምህርት በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ያፋጥጡኛል። ጋሼ ከሁሉም ይብሳሉ። «እሺ፣ ይሄ ለሞተበት ሰው ምን ይላል?» ይሉኛል። የትኛውም ፈተና እንደዚህ አልፈተነኝም። ለእሳቸው ማስረዳት ያቃተኝን ነገር ተመልሼ አነባለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ኮርስ ላይ ይህ ቡድን በጣም ጠቀመኝ። የመማሪያ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ፣ ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት የነበረው ክርክር መደምደሚያ አድርጎ ያቀርበዋል። ጉባኤውን ያልተቀበሉትን፣ ማለትም የኮፕት፣ የሶርያ፣ የአርመንና የእኛን አብያተ ክርስቲያናት፣ እንደ ሳቱ ሰዎች በጥቂት መስመር አልፏቸዋል። ቅዳሜ ይህን ስናገር ነርሷ ተቆጣች። «ታዲያ ለምን አትጽፊላቸውም?» አለችኝ። ጻፍኩ። በድርሰቴ ከእስክንድርያው ቄርሎስ ጀመርኩ። እሱ ያረፈው በ444 ነው፤ ከጉባኤው በፊት። ሁለቱም ወገኖች አባታችን ይሉታል። ከዚያ እስከ እ.ኤ.አ. 1973 መጣሁ። በዚያ ዓመት የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው መሆኑን በጋራ መግለጫ ፈርመዋል። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ተለያይተው የኖሩ ወገኖች አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ለእኔ ይህ ከትምህርቱ ሁሉ ልብ የሚነካው ነው። የኮርሱ መምህር የእኔ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደሉም። ድርሰቱን አንብበው፣ ከተጠቀምኩባቸው ጽሑፎች የተወሰኑትን በሚቀጥለው ዓመት የንባብ ዝርዝር ላይ ጨመሩ። ስደተኛ ተማሪ ተቀባይ ብቻ አይደለም። የሚሰጠው አለው።

ስደትንም በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ። ሕዝቅኤል የተጠራው በምርኮ ሀገር፣ በኮቦር ወንዝ ዳር ሳለ ነው። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ቤት ሠርታችሁ ኑሩ፣ ለሰፈራችሁበት ከተማ ጸልዩ ያላቸው በደብዳቤ ነው፤ ምዕራፍ 29 ላይ አለ። የእኛን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመው አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰዷል። የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዛሬ በምናውቀው ልክ ዘርዝሮ ያገኘነው በ367 ለምእመናኑ በላከው የፋሲካ ደብዳቤ ውስጥ ነው። በጊዜ ወደ እኛ ስንቀርብ ደግሞ ጀርመናዊው ፓስተርና የነገረ መለኮት ምሁር ዲትሪሽ ቦንሆፈር አለ። ሲመራው የነበረውን የፊንከንቫልደ ሴሚናሪ የናዚ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1937 ዘጋበት። እሱ ግን ለተበተኑት ተማሪዎቹ ደብዳቤ መላኩን ቀጠለ፤ ብዙዎቹ በኋላ ለጦርነት ተመልምለው ነበር። ይህን ሁሉ ሳነብ፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ ላፕቶፕ የምከፍተው እኔ ከመደበኛው መንገድ ውጭ የቀረሁ ነኝ የሚለው ስሜት ለቀቀኝ።

አሁን የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ነኝ። ርእሴ ዮሐንስ አፈወርቅ ከስደት ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። በ404 ከቁስጥንጥንያ ተባርሮ አርመንያ ውስጥ ኩኩሱስ ወደምትባል ቦታ ተላከ፤ በ407 በመንገድ ላይ ሳለ አረፈ። በመካከሉ የላከላት 17 ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ስለ ብርዱና ስለ ሕመሙ ሳይደብቅ ይነግራታል፤ እሷ ደግሞ በኀዘን ተውጣለችና ያጽናናታል። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው። ሩቅ ያለ፣ ራሱ የታመመ ሰው ሌላውን በጽሑፍ ብቻ እንዴት ያጽናናል? መጦሪያው ውስጥ የሚጠይቁኝን ሰዎች እያሰብኩ ነው የምጽፈው። ጋሼ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቅዳሜ ሰምተው ሁለት ቦታ ላይ አልተስማሙም። አንዱን አስተካክያለሁ፤ በሁለተኛው ገና እየተከራከርን ነው።