ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተመለሰ ጸሎት

ባሕረኛ ለምስክርነት ሲነሣ ሰሚው ማዕበል ይጠብቃል። ማዕበል እኔም አይቻለሁ። ዛሬ የምመሰክረው ግን ከአውራ ጣት ስለማትበልጥ አንዲት የጄኔሬተር ማብሪያ ነው። እግዚአብሔር ስንት ጊዜ የለመንኩትን ነገር በእርሷ አሳየኝ፤ ስሙ ይክበር።

ወደ ባሕር የወጣሁት የመርከብ ሞተር መሐንዲስ ለመሆን ነው። መጀመር ቸግሮኝ አያውቅም። ዕቅድ አወጣለሁ፣ ደብተር አዘጋጃለሁ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ማለት ይመጣል፤ ደብተሩም ግማሹ ባዶ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ለባሕር ሥራ አይመችም። የባሕረኞችን ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ የሚወስነው እ.ኤ.አ. የ1978ቱ ስምምነት የሞተር ክፍል ተረኛ መኮንን ለመሆን የሚሻውን ሁሉ ቢያንስ የ12 ወር የወርክሾፕ ሥልጠናና የባሕር አገልግሎት ይጠይቀዋል። ከዚህም ቢያንስ ስድስቱን ወር በሞተር ክፍል ውስጥ፣ በብቁ መሐንዲስ ሥር ሆኖ በተረኝነት ማሳለፍ አለበት። የተሠራው ሥራ በሥልጠና መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ አሠልጣኙም ይፈርምበታል። ያንን ወፍራም መዝገብ በተረከብኩበት ሌሊት ተንበርክኬ፣ "ጌታ ሆይ፣ የጀመርኩትን የምጨርስ ሰው አድርገኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላም ይህንኑ ጸሎት ብዙ ሌሊት ደጋገምኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን ማለዳ ሌላ ሰው ሆኜ የምነቃ መስሎኝ ነበር። እንዲያ አልሆነም። የተሰጠኝ የተረኝነት ሰሌዳና አንድ ኮስታራ ዋና መሐንዲስ ነው።

ሰሌዳው ቀላል ነው፤ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት እረፍት፣ እንደገና አራት ሰዓት ሥራ። ደስ ይበለኝ፣ ይክፋኝ አይጠይቀኝም። እረፍቱም ቢሆን በሕግ የተወሰነ ነው፤ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ደግሞ ከ77 ሰዓት ማነስ የለበትም። ዋና መሐንዲሱ በበኩላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናግረው አያውቁም። ዙሬ ስመለስ የጻፍኩትን ያነቡና፣ "ይህን ቁጥር በዓይንህ አይተኸዋል ወይስ ከትናንቱ ገልብጠኸዋል?" ይላሉ። አይቼዋለሁ ስል አብረውኝ ወርደው ያዩታል። በዚህ ሁኔታ መዋሸት ከመሥራት ይልቅ ያደክማል። እኔ ይህን ሁሉ የጸሎቴ መልስ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም፤ እንዲያውም አንዳንድ ሌሊት ስለ እኚሁ ሰው ለእግዚአብሔር አቤቱታ አቅርቤያለሁ።

አሁን ስለ ጄኔሬተሩ ልናገር። በመርከብ ላይ ዋናዎቹ ጄኔሬተሮች ታች በሞተር ክፍል ውስጥ ናቸው። ከእነርሱ ሌላ፣ ከዋናው የመርከብ ወለል በላይ ለብቻው በተሠራ ክፍል ውስጥ የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተር አለ። የራሱ ነዳጅና የራሱ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳ አለው። ሶላስ የሚባለው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት በጭነት መርከብ ላይ ለ18 ሰዓት የሚበቃ ኃይል እንዲኖር ያዛል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ ቢበዛ በ45 ሰከንድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጭነቱን መሸከም አለበት። የአደጋ መብራቶቹ፣ የመገናኛ መሣሪያዎቹ፣ በትላልቅ መርከቦችም መሪውን የሚያዞረው ፓምፕ በእርሱ ላይ ተንጠልጥለው ነው ያሉት። ዋናው ሞተር ችላ ሲሉት ያንኳኳል፣ ይግላል፣ ደወል ያስጮኻል። ይህኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቢበላሽም የሚፈለግበት ደቂቃ እስኪደርስ ድረስ ማንም አያውቅም። በየሳምንቱ የሚፈተሸውም ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለወጉ ያህል የሚፈረምለትም ይኸው ጄኔሬተር ነው። ይህን የመርከብ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

የብቃት ማረጋገጫዬን አግኝቼ ተረኛ መሐንዲስ ከሆንኩ በኋላ ይህ ፍተሻ የእኔ ድርሻ ሆነ፤ የሚደረገውም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከምነግራችሁ ቅዳሜ በፊት ወደብ ላይ ጭነት ስንጭን ከርመን ሁላችንም ዝለናል። ተራዬን ጨርሼ አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶውም አጠገቡ። በዚያ ሰሞን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን እያነበብኩ ነበር፤ የጳውሎስ መርከብ የተሰበረችበትን። በመርከቧ ውስጥ ከነበሩት 276 ሰዎች አንድም እንደማይጠፋ መልአክ ነግሮታል። ሆኖም መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ ጳውሎስ ለመቶ አለቃው፣ እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም ይለዋል። ይህ ነገር ሰላም ነሥቶኝ ነበር። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ መርከበኛ ለምን አስፈለገ?

መልስ አላገኘሁለትም፤ መልአክም አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ተነሥቼ ጫማዬን አሰርኩና ወጣሁ። እንዲህ ሲጻፍ ምንም አይደለም፤ የእኔን የቀድሞ ጠባይ ለሚያውቅ ግን ተአምሩ እዚህ ላይ ነው።

ዘይቱን፣ ማቀዝቀዣ ውኃውን፣ ነዳጁን፣ ባትሪውን አየሁ፤ ሁሉም ደኅና ነው። ከዚያ ዓይኔ በመቆጣጠሪያው ላይ ወዳለችው መምረጫ ማብሪያ ሄደ። በራሱ እንዲነሣ ከሚያደርገው ቦታ ላይ መሆን ሲገባት በእጅ ብቻ እንዲነሣ በሚያደርገው ላይ ናት። በሳምንቱ መካከል እዚያ ጥገና ተደርጎ ነበር። ሞተሩ በድንገት ተነሥቶ እጅ እንዳይቆርጥ ማብሪያዋን መቀየር ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ከሥራው በኋላ የመለሳት ግን አልነበረም። መለስኳት። መብራት የጠፋ አስመስዬም ሞከርኩት፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ጭነቱንም ተሸከመ። መዝገብ ላይ አሰፈርኩ። ዋና መሐንዲሱ አንብበው አንድ ቃል ሳይናገሩ ፈረሙ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በማላካ የባሕር ሰርጥ በኩል ወደ ሲንጋፖር እየተጓዝን ነበር። በዓለም ላይ እጅግ መርከብ ከሚበዛባቸው መተላለፊያዎች አንዱ ነው፤ ፊሊፕስ በሚባለው ቦታ ላይ ስፋቱ ወደ 2.8 ኪሎ ሜትር ይጠባል። እዚያ ጥበት ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ በሌሊት፣ ከነዳጁ የመጣ ዝቃጭ ማጣሪያዎቹን ደፍኖ ጄኔሬተሮቹ ተከታትለው ቆሙ። የዘይት ፓምፖቹ ሲቆሙ ዋናው ሞተርም ቆመ። የመርከብ ሞተር ክፍል ድንገት ጸጥ ሲል ጆሮ ያማል። እጄ የያዘው የእጅ ባትሪ ሲንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ፤ ከፊትም ከኋላም መርከብ እንዳለ አውቃለሁና።

የአደጋ መብራቶቹ በሩ። ከማዘዣ ክፍሉ በስልክ፣ "መሪው ይታዘዛል" አሉን። መርከቧ በቀራት ግስጋሴ ካፒቴኑ ከሌሎቹ መስመር አወጧት። እኛም ማጣሪያዎቹን አጽድተን፣ ወደ ናፍጣ ቀይረን፣ ጄኔሬተሮቹን አንድ በአንድ አስነሣን። አንድ ሰው አልተጎዳም፤ አንድ ብረት አልተነካም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዳሊ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ በባልቲሞር ኃይል አጥታ ድልድይ መትታ ስድስት የመንገድ ሠራተኞች ሞተዋል። በዚያ መርከብ ላይ የሚጸልይ አልነበረም የሚል ሰው ቢኖር አፉን ይያዝ። እኔ የምመሰክረው ለእኔ ስለሆነው ብቻ ነው።

"ይህማ የሥራ ግዴታህ ነው፤ ጸሎት ምን አገባው?" ያለኝ ባልደረባ አለ። ግዴታዬ መሆኑን አልከራከርም። ግዴታውን ሲያውቅ ኖሮ ሲተወው የኖረውን ሰው ግን እርሱ አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ያ ሰው በዚያ ቅዳሜ ፈርሞ ይተኛ ነበር።

ሁሉ ነገሬ ተስተካከለ አልልም። ለወዳጆቼ የጀመርኳቸው ደብዳቤዎች ዛሬም ሳያልቁ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተደርድረዋል። ለሁለተኛ መሐንዲስነት የሚያበቃውን ፈተና ደግሞ ማጥናት ጀምሬያለሁ። መጽሐፉ ግማሽ ላይ ደርሷል፤ እኔን የሚያስፈራኝም ሁልጊዜ ይህ ግማሽ ነው። በጸሎታችሁ አስቡኝ።