ወራጅ አለ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ምስክርነቴ ስለ አፌ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። አንዳንዱ ቃል የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተይዞ ይቀራል። አንገቴ ይገተራል፣ ዓይኔ ይጨፈናል፣ ቃሉ ግን አይወጣም። ምን ማለት እንደምፈልግ አሳምሬ አውቃለሁ። ለብዙ ሰው የማይገባው ይኼ ነው። «እስኪ ረጋ ብለሽ አስቢና ተናገሪ» ይለኛል። አስቤ ጨርሻለሁ እኮ!

ዘመዶቼ ምክንያቱን ሲፈልጉ ኖረዋል። አንዷ አክስቴ «ሕፃን ሆና ውሻ አስደንግጧት ነው» ትላለች። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው ባይ ናት። አሁን እንደማውቀው መንተባተብ የድንጋጤ ውጤት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ አረፍተ ነገር መግጠም በሚጀምርበት ዕድሜ ይመጣል። በዘር የመተላለፍ ነገር አለው። አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋርም የተያያዘ ነው። ብዙ ልጆችን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች ግን ከመቶ አንድ ሰው ገደማ አብሮት ይኖራል፤ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። እኔ ሴት በመሆኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣብኝ። ዝምታዬን ሰው ሁሉ ጨዋነት አድርጎ ቆጠረልኝ። «እንዴት ያለች ጭምት ልጅ!» ይባልልኛል። ጭምት አይደለሁም። ወሬ እወዳለሁ። ከድመታችን ጋር ብቻዬን ስሆን አንድም ቃል አይዘኝም።

የሚንተባተብ ሰው አስቸጋሪውን ቃል በቀላል መለወጥ ይለምዳል። ማኪያቶ አምሮኝ ሻይ አዝዣለሁ፤ «መ» ስለምትይዘኝ ብቻ። የማይለወጡ ቃላት ግን አሉ። አንዱ የገዛ ስም ነው። ሰው ስተዋወቅ ለአፌ የቀለለኝን ሌላ ስም የተናገርኩበት ጊዜ አለ። ዛሬም በዚያ ስም የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ።

ሌላው «ወራጅ አለ» ነው። ለዚህ ምን ምትክ ይገኝለታል? ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስሳፈር መውረጃዬ ኢምፔሪያል ነበር። እዚያ ሌላ ወራጅ ካለ ተመስገን ብዬ እከተለዋለሁ። ከሌለ ታክሲው መውረጃዬን አልፎ ሲሄድ በመስኮት እያየሁ ቦሌ ድረስ እሄድና በእግሬ እመለሳለሁ። ዝናብ ሲሆን ደግሞ አስቡት።

ትምህርት ቤትም ያው ነው። በቃል መልሱ ሲባል የማውቀውን «አላውቅም» እላለሁ፤ ያም ቢሆን ተንተባትቤ ነው። ቤት ስንሆን ታላቅ እህቴ በኔ ፈንታ ትናገራለች። እንግዳ ሲጠይቀኝ ትመልሳለች፣ ሱቅ ስንሄድ ታዝዛለች፣ ስልኬን ታነሣለች። ከልቧ ነው የምታደርገው። እኔ ግን እያደር ከቤቱ ሰው መሀል እየጠፋሁ መጣሁ። ስለኔ ሲወራ እንኳ የሚጠየቀው እሷ ሆነች።

እናቴ ጸበል አዳርሳኛለች። በመጨረሻ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሄዳ ተሳለች። ስለቷን የነገረችኝ ከተመለሰች በኋላ ነው። «የልጄን አፍ ብትፈታልኝ ጃንጥላ አገባለሁ፤ እሷም በአውደ ምሕረትህ ቆማ በገዛ አንደበቷ ትመሰክራለች።» ጃንጥላው ይሁን። አንደበቱን ግን እኔን ሳታማክር ነው የተሳለችው! ላቡ የኔ፣ ስለቱ የሷ።

እውነቱን ልናገርና ቅዱስ ገብርኤልን እፈራው ነበር። በሉቃስ ወንጌል የዘካርያስን አፍ የዘጋው እሱ ነው። አፍ ለሚዘጋ መልአክ አፍ ክፈት ተብሎ ይለመናል? ታሪኩን ቆይቼ በደንብ ሳነበው ግን ዘካርያስ መጀመሪያ ጽሕፈት ሰሌዳ ለመነና «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ። አፉ የተከፈተው ከዚያ ወዲያ ነው። በጽሑፍ ለኖረች ለኔ ይህ ትንሽ ተስፋ ሰጠኝ።

በዚህ መሀል ሰንበት ትምህርት ቤት ገባሁ። ውዳሴ ማርያም በኅብረት ስናደርስ ድምፄ ከሌሎቹ ጋር ያለ አንዳች እክል ወጣ። መዝሙርም ስንዘምር እንዲሁ። ተፈወስኩ ብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ሱቅ በር ላይ «እንቁላል» የሚለው ቃል ያዘኝ። ለካ ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ሲዘምሩና ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነቡ አይንተባተቡም። የታወቀ ነገር ነው። ይህን ማወቄ ግን መገረሜን አልቀነሰውም። እንዲህ አድርጎ የፈጠረው ማን ሆነና?

ዓመታት እዚያ መዝሙር ክፍል ውስጥ ቆየሁ። ደስታዬ ነበር። የወንበሬ ቦታ እንኳ የታወቀ ነበር፤ ብቀር «የት ጠፋሽ?» እባላለሁ። ግን ከአርባ ሰው ድምፅ መሀል የኔን ማን ይለየዋል? አንድ ቀን ለወንድሞችና ለእህቶች አጭር ትምህርት አቅርቢ ተባልኩ። እምቢ ብዬ በዚያው ለሳምንታት ቀረሁ።

የንስሐ አባቴ ቤታችን መጡ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ሙሴን አነሡልኝ። «አፌ ኰልታፋ ምላሴም ጸያፍ ነው ብሎ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን አሮንን ሰጠው» አሉኝ። እየተያዝኩ፣ እየጨረስኩ፣ እየተያዝኩ መለስኩላቸው። «አባ፣ እኔ አሮን አለኝ። እህቴ ናት። አሮን ሰለቸኝ።» እህቴ ስኒ ይዛ እንደቆመች ቀረች። አባ ግን ሳቁ። ስናገር አንዴም አላቋረጡኝም ነበር። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ነገሩኝ። «ኦሪት ዘዳግምን አንብቢ ልጄ። ከሞላ ጎደል የሙሴ ንግግር ነው። ያን ጊዜ አሮን ሞቷል። ያ ኰልታፋ ነኝ ያለው ሰው ሕዝቡን ሁሉ ሰብስቦ የተናገረው በራሱ አፍ ነው። ተፈወሰ የሚል ግን አልተጻፈም።»

ያን ማታ ጸሎቴ ተለወጠ። «አፌን ፍታልኝ» ማለት ትቼ «እንደተያዘም ቢሆን ልናገር፤ የሚጠብቀኝ ሰው ስጠኝ» ማለት ጀመርኩ። አባ ሐኪምም ፈልጊ ብለውኝ ነበር። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጥቂት ነው። በሰው በሰው አንዲት ተገኘች። እሷም ስሠራ የኖርኩትን ሁሉ ገለበጠችው። ቃል አትለውጪ አለችኝ። ማኪያቶ ካማረሽ ማኪያቶ በይ። ከቃሉ ጋር አትታገዪ፣ ለስለስ አድርገሽ ጀምሪ፣ መንተባተብሽንም አስቀድመሽ ለሰው ንገሪ። ጸሎቴ ከዚህች ሴት ጋር አገናኘኝ ብዬ አምናለሁ። ሐኪም ሌላ፣ እግዚአብሔር ሌላ ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

ሰንበት ትምህርት ቤት ተመልሼ ያን ትምህርት አቀረብኩ። «እንተባተባለሁ፤ ትንሽ ጠብቁኝ» ብዬ ጀመርኩ። ጠበቁኝ። ከተመደበልኝ ሰዓት አለፍኩ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ አንዱ ወንድም ስለ ንግግሬ ሳይሆን ስለ ትምህርቱ ጥያቄ ጠየቀኝ። ተከራከርን። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት አዝኖልኝ እንጂ ተከራክሮኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ታክሲው መጣ። ኢምፔሪያል ስንቃረብ ሌላ ወራጅ የለም። «ወ» ላይ ተያዝኩ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አልተውኩትም። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና ሹፌሩን በእጁ ያዝ አድርጎ «ቆይ፣ እህቴ እየተናገረች ነው» አለው። በኔ ፈንታ አልጨረሰልኝም። «ወራጅ አለ» አልኩ፣ እስከ መጨረሻው። ትንሽ አልፈን ቆምን። መንገድ ዳር ብቻዬን ቆሜ የገብርኤልን ስም እየጠራሁ ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ «እማዬ፣ ስለቱን እንክፈል» አልኳት። እናቴ ትኩር ብላ አየችኝ። «የኔ ልጅ፣ አሁንም ትንተባተቢ የለም እንዴ?» «እንተባተባለሁ። ተሰምቻለሁ ግን።» ብዙ ካሰበች በኋላ ጃንጥላ ልትገዛ ወጣች።

በንግሡ ጊዜ ሕዝቡ ስለሚበዛ በሌላ ወር በ19 ሄድን። በአዋሽ፣ በጭሮ፣ በሂርና አድርገን ቁልቢ ደረስን። ካህኑ ሲፈቅዱልኝ ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። የክርስትና ስሜን ተናገርኩ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። በሰፊው የተናገርኩት ስለ ታክሲው ነው። አንዳንዶች ሳቁ፣ እናቶች እልል አሉ። ስጨርስ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። «ይኼም እንዳንቺ ነው» አለችኝና ስሙን ልትነግረኝ ስትል «እሱ ይንገረኝ» አልኳት። ነገረኝ። ክፍሉንም፣ የሚወደውን የእግር ኳስ ቡድንም ነገረኝ። ቡድኑን በተመለከተ አልተስማማንም።

ይህን የጻፍኩት ስለቱ በቃል ስለነበር በጽሑፍም ይታከልበት ብዬ ነው። ስመለስ እናቴን መኪና ውስጥ ምን እንደጸለየች ጠየቅኋት። ለሐምሌ ሌላ ስለት ይዛለች። አሁን ደግሞ ለባል ነው፤ አሁንም አላማከረችኝም።