ከግሉኮሱ በፊት የደረሰ መልስ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ አሜን።

ይህን የምንመሰክረው በሜሪላንድ የምንኖር የእመቤታችን ጽዋ ማኅበርተኞች ነን። ከመካከላችን በነርስነትና በፋርማሲ የሚያገለግሉ አሉ። ምሕረቱ የተገለጠው ግን በአንዲት እኅታችን ላይ ነው። ስሟን አንጠራም። «የዳንኩበትን ነገር በስሙም በመጠኑም ጻፉልኝ፤ ሌላው ይዳንበት» ብላ አደራ ስላለችን የሕክምናውን ዝርዝር ሳናሳጥር እናስቀምጣለን።

እኅታችን ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ጥገና የተደረገላት ጥምቀት ባለፈ በቀናት ውስጥ ነው። ዓይነቱ ስሊቭ የሚባለው ነው። በዚህ ቀዶ ጥገና ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶው በቁመቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ የተቆረጠው ጠርዝ በስቴፕል፣ ማለትም በጥቃቅን የብረት ስፌት፣ ይዘጋና ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ ይቀራል፤ ሁለት የቡና ሲኒ ማለት ነው። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ፈሳሽ ብቻ የሚወሰድበትን ሁለት ሳምንትም በደኅና አለፈች። ችግሩ የጀመረው ወፈር ያለ ምግብ ስትሞክር ነው። ሁለት ማንኪያ ስትቀምስ ደረቷ ላይ ይቆማል፣ ምራቋ አረፋ ሆኖ ይሞላል፣ ከዚያ ያስመልሳታል። ስልክ ደውላ ስትጠይቅ «ፈጥነሽ እየበላሽ ይሆናል፤ ሲቆይ ይለመዳል» ተባለች። ይህ ምክር ለብዙ ሰው እውነት ነው። ለእርሷ ግን አልነበረም፤ ቱቦው መሐል ላይ፣ ጨጓራ በተፈጥሮው በሚታጠፍበት ቦታ፣ ጠብቦ ነበር።

በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። የፕሮቲን ዱቄቷ ከወተት የተሠራ ስለሆነ ተወችው። እንደ ከረሜላ የሚታኘከውን ቫይታሚንም ጄላቲን አለበት ብላ ተወችው። (ስለ ጄላቲኑ ትክክል ነበረች። እንዲህ ያሉት የሚታኘኩ ቫይታሚኖች ብዙዎቹ ቢ1 የላቸውም፤ ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ብቻቸውን የማይበቁትም ለዚህ ጭምር ነው።) የቀራት ጁስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ቀጭን አጥሚት ነበር፤ ከእርሱም ግማሹ ይመለሳል። ኪሎዋ በፍጥነት ስለሚወርድ የሚያያት ሁሉ «ተሳክቶልሻል» ይላት ነበር።

ደብረ ዘይት ሲቃረብ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያት ጀመር። ዓይኗ አንድ ቦታ ማረፍ አቅቶት ይንቀጠቀጣል። እግሯን አራርቃ፣ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። የጠየቀችውን መልሳ ትጠይቃለች፤ የልጇን ስም ከእኅቷ ስም ታምታታለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ የጾም ድካም መሰለው፤ ቀጥሎም የመንፈስ ነው የሚል መጣ። ማኅበራችን ሱባዔ ያዘ። የለመንነው «አቤቱ፣ የያዛትን ነገር ግለጥልን» ብለን ነበር፤ የተመለሰልንም ይኸው ልመና ነው።

የመጀመሪያው መልስ በንስሐ አባቷ በኩል መጣ። ጸልየውላት፣ መስቀል አሳልመዋት፣ አካሄዷን አዩና «ጸሎቱን እኛ እንቀጥላለን፤ እርሷን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሷት» አሉ። ሁለተኛው መልስ በዚያው ሌሊት በድንገተኛ ክፍል ነበር። ሰውነቷ ደርቆ፣ ስኳሯ ወርዶ ስለነበር የግሉኮስ፣ ማለትም የስኳር ውኃ፣ ከረጢት ተሰቅሎ ሊከፈት ነው። ተረኛዋ ነርስ «ስንት ሳምንት አስመለሳት? ቫይታሚን ትወስዳለች?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ስትሰማ ግሉኮሱን ሳትከፍት ሐኪሙን ጠራች፤ ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ቀድሞ በደም ሥር ተሰጣት። እግዚአብሔር ያችን ሴት በዚያ ሰዓት እዚያ ስላቆማት ስሙ የተመሰገነ ይሁን!

ይህ ለምን የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ እንግለጥ። ሰውነት ስኳርን ወደ ኃይል የሚለውጠው በታያሚን ነው፤ አንጎል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ስኳር ፈላጊ ነው። ቢ12 በጉበት ለዓመታት ይቀመጣል። የታያሚን ክምችት ግን በጠቅላላው 30 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ምንም ካልገባ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። የሚያስመልሰው ሰው ከምግቡም ከክኒኑም አያገኝም። ጣፋጭ ብቻ ሲጠጣ ደግሞ የቀረችውን ጥቂት ታያሚን ስኳሩ ያቃጥላታል። ባዶ በሆነው ሰውነት ላይ ግሉኮስ በብዛት ሲፈስ የመጨረሻዋ ጭላጭ ትሟጠጥና የአንጎል ጉዳቱ ይብሳል። በሽታው ቬርኒኬ ይባላል፤ በ1881 በገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ስም የተጠራ ነው። ሦስቱ የታወቁ ምልክቶቹ የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት፣ የአረማመድ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር ናቸው። ሦስቱም አንድ ላይ እስኪታዩ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው፤ በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም በአንደኛውና በሦስተኛው ወር መካከል ነው።

ለእኅታችን የተሰጣት 500 ሚሊ ግራም ታያሚን፣ በግማሽ ሰዓት ቀስ ብሎ በደም ሥር የሚገባ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቀን ወደ 250 ሚሊ ግራም ወረደ፤ ማስመለሱ ሲቆም ወደ 100 ሚሊ ግራም ክኒን ተለወጠ። ማግኒዚየሟም ተለክቶ ተተካላት፤ ታያሚን ያለ ማግኒዚየም ሥራውን አይሠራም። የጭንቅላት ሲቲ ስካኗ ደኅና ነበር፤ ሲቲ ስካን ይህን በሽታ ብዙ ጊዜ አያሳይም። የታያሚን የደም ምርመራም ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ውጤት ሳይጠብቁ ጀመሩ። መድኃኒቱ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው፤ መዘግየቱ ግን ዘላለማዊ መርሳት ሊያስከትል ይችላል። የጠበበው ቦታ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ታይቶ ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ተለጠጠ፤ አንድ ጊዜ አልበቃም፣ ተደገመ።

ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በኋላ ለቀናት ያስመለሰው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ እርሱ ወይም አጃቢው ይህን ይበል፦ «የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና በዚህ ቀን ተደርጎልኛል፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ያስመልሰኛል፤ ከግሉኮስ በፊት ታያሚን ስጡኝ።» ቋንቋ የሚያስቸግራቸው እናቶቻችን በእንግሊዝኛ በወረቀት ተጽፎላቸው ቦርሳቸው ውስጥ ይኑር። በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦም በአዲስ ስፌት ላይ በጭፍን እንዳይገባ ቀዶ ጥገናውን የሚያውቅ ሐኪም ይጠየቅ። ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሌላ አገር ሄደው ተቀድደው የሚመለሱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት በእጃችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ እዚህ የሚያያችሁ ሐኪም ውስጣችሁ ምን እንደተሠራ የሚያውቀው ከእርሱ ነው።

ስለ ጾሙ በግልጽ እንናገር፤ ብዙዎች እንደ እኅታችን በዝምታ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ጾም ከእግዚአብሔር የተሰጠን ጸጋ ነው፣ እንወደዋለን። ፍትሐ ነገሥታችን ግን ሕመምተኛን ከግዴታው ያወጣዋል። ይህን የሚፈቱት የንስሐ አባት ናቸው፤ መጠየቅ ያለባቸውም ቀዶ ጥገናው ሳይደረግ፣ ቀን ሲቆረጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 60 ግራም ለማግኘት ከ650 ግራም በላይ ምስር መብላት ይጠይቃል፤ አራት አምስት ማንኪያ ለሚይዝ ጨጓራ ይህ አይሆንም። የንስሐ አባታቸው ጹሙ ያሏቸው በአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት አለላቸው፤ ከሽሮና ከምስር ጋር እርሱን ይያዙ። ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣት በኋላ መጀመሪያ ያዘዘው የምትበላውን እንዲሰጧት ነበር። እኅታችን ይህን ቃል ከንስሐ አባቷ አፍ ስትሰማ አልቅሳ እርጎውን ተቀበለች።

ጸበልም እንዲሁ። በሊትር ጠጥቶ ማስመለስ ለዚህ ጨጓራ አይገባም፤ በስፌቱ ላይ ግፊት ያበዛል፣ የቀረውንም ጨውና ቫይታሚን ያወጣል። ለአጥማቂው ካህን ቀዶ ጥገናውን አስቀድሞ መናገር ነው። ለእኅታችን በጥቂቱ እየቀመሰች፣ እየተረጨች እንድትቀጥል ፈቀዱላት። የሆዱ ቁስል ሳይደርቅም መነከር አይገባም።

ውኃው ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ በየ15 ደቂቃው 30 ሚሊ ሊትር፣ የሲኒ ግማሽ ያህል፤ ቀስ በቀስ በቀን 1.5 ሊትር ይደረሳል። ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከምግብ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሲነሡ የሚያዞር ከሆነ፣ ወይም ለ24 ሰዓት ፈሳሽ እንኳ የማይቆይ ከሆነ ቤት ተቀምጦ ነገ ይሻለኛል ማለት የለም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ መጠኑ በሐኪም ይታይላቸው፤ ውኃ የሚያስሸና የግፊት ክኒን በደረቀ ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል።

ፈሳሹ ሲያልቅ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ይከተላል፤ መደበኛው ምግብ ወደ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ቀጠን ያለ ሽሮ፣ እርጎ፣ የተጣራ ምስር፣ ለስላሳ እንቁላል ይስማማሉ። እንጀራና ዳቦ ግን ተጠቅልለው ስለሚቆሙ በመጨረሻ የሚሞከሩ ናቸው።

ከእኅታችን ችግር የተለዩ፣ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የሚመጡ አደጋዎችም አሉ። ከሁሉ የሚፈራው የስፌቱ መፍሰስ ነው። በስሊቭ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰው ከላይ፣ ጨጓራ ከጉሮሮ ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት አጠገብ ነው፤ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ በዚያ ቦታ የደም ዝውውሩም ደከም ያለ ነው። ምልክቱ የሆድ ሕመም ብቻ አይደለም። ተቀምጠው እያለ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ ሲሆን፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ጭንቀት ሲመጣ ወዲያው መሄድ ነው። ሰውነቱ ወፍራም የሆነ ሰው ሆዱ ሲነካ ለስላሳ ሊሆን ስለሚችል በዚያ መታለል የለም። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ የደም መርጋት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ብዙው የሚመጣው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው። በሆድ ቆዳ ላይ የሚወጋው የደም መርጋት መከላከያ፣ ኢኖክሳፓሪን፣ ከታዘዘ አይቋረጥ። ጥቁር ሰገራና ደም የተቀላቀለበት ትውከት ደግሞ የመድማት ምልክት ነው።

ለሕመም ማስታገሻ ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ፣ በተለይ ባይፓስ (ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ከአንጀት ጋር የሚገናኝበት ሌላው ቀዶ ጥገና) ለተደረገላቸው፣ በስፌቱ ላይ ቁስለት ሊያመጣ ይችላል። ፓራሲታሞል ይሻላል። ኪሎ በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ስለሚበዛ፣ ሐሞት ከረጢታቸው ያልወጣላቸው ብዙዎች ለስድስት ወር ኡርሶዲዮል 300 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይታዘዝላቸዋል። ከታዘዘ አይተው።

እኅታችን በሁለተኛው ቀን አንዱን አንድ አድርጋ አየች። አረማመዷ ግን ቶሎ አልተመለሰም፤ መጀመሪያ በመደገፊያ ብረት፣ ቀጥሎ በምርኩዝ ነበር። የራቃት ስም ሁሉ ቀስ እያለ መጣ። የእግሯ መዳፍ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ያቃጥላታል፤ ይህንም እንዲያነሣላት እየለመንን ነው። አሁን በየቀኑ ባለ ብዙ ቫይታሚን ክኒን፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ቢ1፣ 1,000 ማይክሮ ግራም ቢ12፣ 3,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ሲትሬት በሁለት ሦስት ጊዜ ከፍላ፣ ብረት ደግሞ ከካልሲየሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቃ ትወስዳለች። ደሟ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ይታያል፤ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዕድሜ ልኳን።

ለንስሐ አባቷ ረጅም ዕድሜን፣ ለዚያች ነርስ ዋጋዋን እግዚአብሔር ይክፈልልን። በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች የክርስትና ስማችሁን ላኩልን፤ በማኅበራችን ጸሎት እናስባችኋለን። ዛሬ የሚያስመልሳችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።